የከረጢቱ ጀርባ

መምህር ይርጋ ማረፋቸውን የነገረችኝ ጎረቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ናት። ፋሲካ በዋለ በአርቡ፣ ረፋድ ላይ፣ አዘዞ ያለው ሱቃችን በር ላይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆመች። ለአንዲት ሴት ዘይት እየቀዳሁ ነበር። ነጠላዋን ሳይ እጄ ቀጥ አለ።

«ምነው እትዬ ጥሩወርቅ፣ ደህና አይደለሽም?»

«ምን ደህና አለ ከዲጃ። አያ ይርጋ ተለዩን። ቀብሩ ከሰዓት ነው።»

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አልኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ጠዋት ሻይ ልታደርስላቸው ስትገባ ነው ያገኘቻቸው። ከበሩ አጠገብ በምትቀመጠው ወንበራቸው ላይ፣ ቁጭ እንዳሉ። ዳማ የሚባለው ውሻቸው እግራቸው ሥር አንድ አሮጌ ሰማያዊ ጃኬት ላይ ተኝቶ ነበር።

«እሱስ ይሁን፤ ዕድሜ ጠገቡ» አለች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ልጃቸው ብሩክ ሲመጣ ግን ምን ብለን ነው የምንነግረው? ያንን ውሻስ ልጁ እስኪመጣ ማን ያቆየዋል? የሚበላውን እንደሁ ከእሳቸውና ካንቺ በቀር የሚያውቀው የለ።»

ዘይቱን ቀድቼ ጨረስኩ፣ ሱቁን ዘጋሁ፣ አብሬያት ወደ ጸዳ ሄድኩ።

መምህር ይርጋ ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ያስተማሩኝ ማለቴ ለአነጋገር ነው፤ እሳቸው አስተምረዋል፣ እኔ አልተማርኩም። ጡረታ ከወጡም በኋላ ቲቸር እያልኩ ነው የምጠራቸው። ረጅም ነበሩ፤ ከወገባቸው ጎበጥ ያሉ። መነጽራቸው አንዱ እጀታ ተሰብሮ በክር ታስሯል። ሰው አንድ ነገር አረጋግጦ ሲናገር ከመነጽራቸው በላይ ያዩትና «ማን አለ?» ይላሉ። በሬዲዮ ሰማሁ፣ ጎረቤት ነገረኝ ካላቸው ደግሞ «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። በተማሪነቴ ይህ ጠባያቸው ያንገበግበኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ሱቃችን የመጡት የውሻ ምግብ ሊገዙ ነው። የውሻ ምግብ ማስገባት የጀመርነው አየር ማረፊያው አካባቢ የሚኖሩ የፕሮጀክት ሰዎችና ጥቂት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ስለጠየቁን ነበር። እኔ ውሻ አልወድም፤ ምን አስዋሸኝ። ቤታችን ድመት እንጂ ውሻ ገብቶ አያውቅም። ምራቁ ከነካን መታጠቡ ራሱ ሥራ ነው፤ አፈር ጭምር ያስፈልገዋል። እና የዚህን ፍጥረት ቀለብ ከሩዝና ከፓስታ ጎን መደርደሩ ያን ጊዜ ብዙም ደስ አላለኝም።

«ያንን ቀዩን ከረጢት አሳዪኝ» አሉ።

አቀበልኳቸው። ፊቱ ላይ የተጠበሰ ሙዳ ሥጋና ፀጉሩ የሚያብለጨልጭ ውሻ ተሥሏል። ቲቸር ይርጋ ሥዕሉን አላዩትም። ከረጢቱን ገልብጠው ጀርባውን ወደ ብርሃን አዞሩና ደቃቁን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በጥፍራቸው እየተከተሉ ማንበብ ጀመሩ። ሰው ስኳር አስመዘነ፣ ሳሙና ገዛ፣ ሄደ። እሳቸው ገና ያነባሉ።

«ቲቸር፣ የውሻ ምግብ እኮ ነው» አልኳቸው።

«የከረጢት ፊት ለገዢ ነው፤ ጀርባው ለበላተኛው ነው። ነይ እስቲ፣ መጀመሪያ የተጻፈው ምንድን ነው?»

ከክፍል ያመለጥኩ መስሎኝ ነበር። «በቆሎ» አልኩ።

«ፊቱ ላይስ?»

«ሥጋ።»

«በክብደት የበዛው ነው ቀድሞ የሚጻፈው። ታዲያ ሥጋው የት አለ?»

ወደ ታች ወረድኩ፤ ስንዴ፣ ስብ፣ ሌላም ሌላም አለፍኩ። ሥጋ የሚለውን ያገኘሁት ከጣዕም ጋር ነው፤ የሥጋ ጣዕም ያለው ይላል። ቲቸር ሳቁ። «ጣዕም አለው ማለት ሥጋው በደጅ አልፎ ሄዷል ማለት ነው» አሉ። ቀጥሎ ያለው መስመር ላይ ጥፍራቸውን አሳረፉ። «ይሄ ደግሞ ‹ሥጋና የእንስሳት ተረፈ ምርት› ይላል።»

አባባ ከወንበራቸው ቀና አሉ። አባቴ ሐጂ ናቸው፤ ሱቁም የእሳቸው ነው። እኔና ደንበኛ ስንጨቃጨቅ ሰምተው እንዳልሰሙ ይሆናሉ፤ ይህን ግን ሰሙት።

«የምን እንስሳ ነው መምህር?»

«አይናገርም ሐጂ።»

«የአሳማ ሊሆን ይችላል?»

«ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ስሙን ያልጠሩት ዛሬ አንዱን፣ ነገ ሌላውን፣ ገበያ እንዳደረሳቸው ለመቀየር ነው። ዶሮ ቢሆን ዶሮ ብለው በኩራት ይጽፉት ነበር።»

አባባ ተነሱ። ቀዮቹን ከረጢቶች አንድ በአንድ ከመደርደሪያው አወረዱ። «ስሙን የማይናገር ምስክር አልቀበልም» አሉ። ቲቸርም «እኔም ቤት አይገባም ሐጂ፤ በዚህስ አንለያይም» ብለው ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ቲቸር ይርጋ ጀርባውን ሳያነቡት የውሻ ምግብ ሱቃችን ገብቶ አያውቅም። ሁለቱ ሽማግሎች በር ላይ አግዳሚ ወንበር አውጥተው ከረጢት ሲያገላብጡ ላየ፣ ርስት የሚካፈሉ ይመስሉ ነበር።

ደንበኛም ከእጃቸው አያመልጥም። አንድ ጎልማሳ ተኩላ የተሣለበት ከረጢት መርጦ ለመክፈል ሲቸኩል «ግቢህ ውስጥ ያለው ተኩላ ነው ወይስ ውሻ?» ብለው አስቆሙት። ውሻው አርጅቶ ቀኑን ሙሉ የሚተኛ መሆኑን ካናዘዙት በኋላ፣ ከረጢቱ ለሚያድግ ቡችላ የተዘጋጀ መሆኑን ጀርባው ላይ አሳዩት። ሌላው ደግሞ ቆርቆሮውንና ከረጢቱን አስተያይቶ ከረጢቱ ፕሮቲን ይበልጣል አለ። «የቆርቆሮው ብዙው ውኃ ነው። መጀመሪያ ውኃውን በሐሳብህ አድርቀው፣ ከዚያ አወዳድር» አሉት። አባባ እንኳ አንድ ቀን ጀርባው ላይ አመድ የሚል ቃል መኖሩን ሰምተው «አመድ ነው እንዴ የምሸጠው?» ብለው ደነገጡ። ቲቸር ምግቡ ቢቃጠል የሚተርፈው ማዕድን መለኪያ መሆኑን አስረዷቸው። አባባ ግን ቃሉ እስከ መጨረሻው አልተዋጠላቸውም።

እኔ ይህን ሁሉ የጡረተኛ ጊዜ ማሳለፊያ አድርጌ ነበር የማየው። አንድ ክረምት ዝናብ ሱቅ ውስጥ ዘግቶብን ሳለን ሆዴ አልችል አለና ጠየቅኋቸው።

«ቲቸር፣ ምነው ለውሻ እንዲህ መጨነቅ? እርስዎ ራስዎ ደረቅ እንጀራ በልተው ነው የሚውሉት።»

መነጽራቸውን አውልቀው በጃኬታቸው ጠረጉት። ብዙ ጠረጉት።

«ዳማ የብሩክ ነው» አሉ።

ብሩክ አንድ ልጃቸው ነው። እናቱ ገና ልጅ ሳለ ሞታለች። ውሻውን ከትክል ድንጋይ ገበያ ሲመለስ ያመጣው እሱ ነው፤ ዓይኑን ያልገለጠ ቡችላ በሰማያዊ ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ። እዚያው ጃኬት ውስጥ እያስተኛ፣ ወተት በጣቱ እያላሰ አሳደገው። ከዚያ ሥራ ጠፋ፣ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ሄዱ፣ እሱም በመተማ አድርጎ ወጣ። ከማዶ አንድ ጊዜ ደውሏል።

«‹አባዬ፣ ዳማን አደራ› አለኝ። ሌላ ምንም አላለኝም። ራስህን ጠብቅ እንኳ አላለኝም፤ ልጅ አይደል። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።»

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል።

«የእንስሳት ሐኪሙ ኩላሊቱ ደክሟል አለኝ። ጨውና ፎስፈረሱ ያነሰ ምግብ ካላገኘ ብዙ አይቆይም አለኝ። ልጄ መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ስለዚህ ውሻው መቆየት አለበት።»

«ኢንሻአላህ ይመጣል፤ እርስዎም ይቀበሉታል» አልኩ።

«እኔ ዓይኔ ደክሟል ከዲጃ። በበረሃ የኖረ ሰው ደግሞ መልኩ ይለወጣል። ልሞትም እችላለሁ። ዳማ ግን በጠረኑ ያውቀዋል። በሩ ላይ ሲደርስ የሚያውቀው አንድ ፍጥረት ይኑር፤ ሌላ አልፈልግም።»

ከዚያ ቀን በኋላ ከረጢት ሲያነቡ አላሾፍኩም። እንዲያውም ዕቃ የሚያመጣልን ሰው ሲደውል ፎስፈረሱን የምጠይቀው እኔው ሆንኩ። ሰውዬው ያበድኩ መስሎት ነበር።

በጸዳ ሰፈር ግን ነገሩን የሚረዳላቸው አልነበረም። ባገራችን ውሻ የቤቱን ይበላል፤ ቤቱ ሲጾም ይጾማል፣ ቤቱ ሲፈስክ ይፈስካል። በዓመት በዓል ቀን ውሻን አጥንት መንሳት ነውር ነው። ቲቸር በጾም እሳቸው ሽሮ እየበሉ ለዳማ ዶሮ ያለበትን የከረጢት ደረቅ ፍሬ በልዩ ጣሳ ሲሰፍሩ፣ በገና ቀን ደግሞ እሳቸው ዶሮ እየበሉ ለዳማ ያንኑ ፍሬ ሲሰጡ ያየ ሁሉ ይስቃል። እትዬ ጥሩወርቅ ግን ከመሳቅ አልፋ አዘነች። በገና ማግስት ቲቸር ቤት አለመኖራቸውን አይታ የዶሮ ወጥ ትራፊ ከነአጥንቱ፣ ከነቁሌቱ ለዳማ ሰጠችው። ለጽድቅ ነው።

ውሻው አስመለሰው፤ ሽንቱ የቀይ ሥር ውኃ መሰለ። ባለባጃጁ ውሻ አልጭንም ሲላቸው ጋቢያቸውን አውልቀው ጠቀለሉትና እንደ ሕፃን አቅፈው ሐኪሙ ዘንድ ወሰዱት። ሲመለሱ በሰፈሩ ሰው ፊት «ገደልሽብኝ!» ብለው ጮኹባት። ቲቸር ይርጋ ድምፃቸውን ከፍ ሲያደርጉ ሰው ሲሰማ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ዳማ ሲያገግም ስኳር ከእኛ ገዝተው ይቅርታ ሊጠይቋት ሄዱ። በኋላ እትዬ ጥሩወርቅ ራሷ ናት ያጫወተችኝ። ሽንኩርት የውሻን ደም እንደሚያፈርስ ነገሯት። አላመነችም።

«እኔ ያደግሁበት ቤት ውሻ ሁሉ ወጥና አጥንት በልቶ ነው ያረጀው አያ ይርጋ!»

«ያረጀውን ነው የምታስታውሽው፤ የሞተውን ማን ቆጠረው?» አሏት።

ከዚያ ስለ ብሩክና ስለ አደራው ነገሯት። እሷም የልጆች እናት ናት፤ ከዚያ በኋላ ዳማን የሚጠብቅ እንደሷ አልተገኘም። በበዓል ልጆች አጥንት ይዘው ወደ አጥሩ ሲጠጉ ዱላ ይዛ የምትቆመው እሷ ሆነች።

ከዚያ ክፉ ጊዜ መጣ። መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ ሲዘጋ ሲከፈት፣ የፕሮጀክት ሰዎቹ ውሾቻቸውን ለዘበኛ ትተው ሄዱ። ከዚያ የውሻ ምግብ የሚጠይቀን አንድ ሰው ብቻ ቀረ። አንድ ጊዜ አከፋፋዩ ብዙ ከረጢት በርካሽ አመጣልን። ቲቸር አንዱን ገልብጠው ቀኑ የተጻፈበትን ቦታ በጥፍራቸው ፋቅ ፋቅ አደረጉት። ተለጣፊ ወረቀት ተላጠ፤ ከሥሩ ሌላ ቀን ወጣ፤ ያለፈ። «ሁለት ልደት ያለው ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አሉ። ከረጢቱን መለሱልኝ፤ ቤታቸው የነበረው ፍሬ ማለቁን አውቃለሁ። ቢዋሹ፣ አላየሁም ቢሉ ለዳማ የሚበላ ነገር ይዘው ይሄዱ ነበር። አባባ ጭነቱን ሁሉ መለሱት፤ ከዚያ በኋላ መኪና አልመጣም።

ዐቢይ ጾም ገባ። ቲቸር ሐኪሙ እንዳሳያቸው ሩዝ በዶሮ ውኃ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት፣ ከእንቁላል ነጩን እየጨመሩ መቀቀል ጀመሩ። የጾሙን ድስት ለብቻ፣ የውሻውን ለብቻ። ዳማ ከሳ። እሳቸው ከእሱ ብሰው ከሱ። ሱቅ ብቅ ይሉና ምንም ሳይጠይቁ መደርደሪያውን አይተው ይመለሳሉ። አባባ «ማኪናው ይደርሳል መምህር፤ አላህ ያውቃል» ይሏቸዋል። «ይደርሳል ሐጂ፤ እኛ ከቆየን» ይላሉ።

መኪናው በሰሙነ ሕማማት ደረሰ። ከመጣው ዕቃ መካከል አንድ ከረጢት ነበረች፤ ዶሮው በስሙ የተጠራባት፣ ፎስፈረሱ ያነሰ፣ ቀኗ ያልተነካ። ጥፍሬን ሰድጄ ፋቅሁት፤ አልተላጠም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። በፋሲካ ቀን እንኳን አደረሰዎ ልል ስሄድ እወስድላቸዋለሁ ብዬ ለማንም ሳልናገር ሸሸግኳት።

በፋሲካ ቀን በባጃጅ ጸዳ ገባሁ። ሰፈሩ በዘፈንና በልጆች ጫጫታ ተሞልቷል፤ የእትዬ ጥሩወርቅ ሳቅ ከአጥሩ ማዶ ይሰማል። ቲቸር ነጭ ለብሰው በር ላይ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው መሬት ላይ ሳህን አለ። እትዬ ጥሩወርቅ ለእሳቸው ያመጣችው ዶሮ ወጥ ነው፤ እሳቸው አልነኩትም። ዳማ አንገቱን ደፍቶ ይበላል።

ከረጢቷን ጣልኩና ሳህኑን ያዝኩ። ዳማ አጉረመረመ፤ አፉ እጄ ላይ አረፈ፤ አልለቀቅኩም። ወጡን ከነሳህኑ ከአጥሩ ውጭ ቦይ ውስጥ ወረወርኩት።

«ተዪው ከዲጃ» አሉኝ። «ፋሲካ ነው፤ እሱም ይፈስክ።»

«ቲቸር፣ ሽንኩርቱ!»

«አውቃለሁ።»

ተናደድኩ። ዓመታት በጥፍርዎ ሲፈልጉ ኖረው፣ ሰው ሁሉ ሲስቅብዎ ችለው፣ ምግቡ በመጣ ቀን! ይህን ያልኳቸው ጮክ ብዬ ነው። ከረጢቷን አንስቼ ጭናቸው ላይ አኖርኩ። «ይኸው መጣ! ስሙ የተጠራ ዶሮ ነው፤ ቀኑንም ፍቄ አይቼዋለሁ!»

ቲቸር ይርጋ የከረጢቷን ፊት አዩ። ፊቷ ላይ የተሣለውን ውሻ ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ቆንጆ ውሻ ነው» አሉ።

አልገለበጧትም።

«የሚጠብቀው ሰው ላለው ውሻ ሽጪው» አሉኝ።

ከዚያ ነገሩኝ። በስቅለት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አንድ ልጅ በራቸው ላይ ቆሟል። ፀሐይ ከጀርባው ስለሆነች ፊቱ አይታያቸውም። ዳማ በዚያ በደከመ ሰውነቱ ሮጦ ሄደ። አሸተተው። ጅራቱን ቆላ፣ አለቀሰ፣ እግሩ ላይ ተንከባለለ። «መጣ አልኩ» አሉኝ። «ሄጄ አቀፍኩት። አንገቱን ሳምኩት። ልጁ ዝም ብሎ አቀፈኝ፤ ከዚያ ‹አባባ፣ እኔ ብሩክ አይደለሁም› አለኝ።» ከብሩክ ጋር በረሃውን የተጓዘ ጓደኛው ነው። የለበሰው የብሩክን ሰማያዊ ጃኬት ነበር። ብሩክን የቀበረውም እሱ ነው። ጃኬቱን አውልቆ ሰጥቷቸው ወደ አገሩ ወደ አዲ አርቃይ ሄደ።

«ዳማ አልተሳሳተም» አሉ። «ልጄን በጠረኑ አወቀው። የቆየበትን ሥራ ሠርቷል።»

ጃኬቱ ከከረጢቷ ሥር ጉልበታቸው ላይ ተጣጥፎ ነበር፤ እስከዚያ አላየሁትም። አለቀስኩ። እሳቸው አላለቀሱም።

«ለማንም እንዳትናገሪ» አሉኝ። «ጥሩወርቅ ልጆቿን ሰብስባ እየፈሰከች ነው፤ ሰፈሩ ደስታ ላይ ነው። በፋሲካ ድንኳን አላስተክልም። እስከ ዳግም ትንሣኤ ያዢልኝ፤ ከዚያ ራሴ እነግራቸዋለሁ። አደራ።»

ግቢው ጥግ ካለው ቧንቧ ሥር አፈር እያሸሁ እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ። ዳማ ከሩቅ ያየኛል። ከረጢቷን ይዤ ተመለስኩ፤ ሱቅ ውስጥ ከመደርደሪያው ጀርባ አስቀመጥኳት። አባባ ምነው ሲሉኝ ራሴን አሞኛል አልኳቸው።

ቲቸር ዳግም ትንሣኤን አላዩም። አርብ ዕለት እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትመጣ፣ ያ መርዶ በእኔ ሆድ ብቻ ነበር። በቀብራቸው ላይ ደረቷን እየመታች «ልጅህ ሳይደርስ! ልጅህ ሳይደርስ ምነው ቸኮልክ!» ስትል፣ ሰው ሁሉ ከእሷ ጋር ሲያነባ፣ እኔ ከሙስሊም ጎረቤቶች መካከል ቆሜ ከንፈሬን ነከስኩ። አደራ ጥብቅ ነው። ደግሞም በዚያ ሰዓት ሁለት ለቅሶ የሚችል ሰው አላየሁም። ዳማ በዚያ ወጥ አልሞተም፤ ሁለት ቀን ታሞ ተነሣ። አሁን በሩ ላይ ጃኬቱን ተኝቶበት የመጣውን ሰው ሁሉ ያሸታል። ስለ ቲቸር ሳስብ አሁንም አንዳንዴ እናደዳለሁ። ሳህኑን ባልነጥቅ ኖሮ ምን ይሉ ነበር እላለሁ።

ዳግም ትንሣኤ ባለፈ በሰኞው እትዬ ጥሩወርቅ ሱቅ መጣች። ነጠላዋን መልሳ እንደ ወትሮው ለብሳዋለች። «የዚያን ውሻ ምግብ ስጪኝ» አለች። «ቃል ገብቻለሁ፤ እኔው ዘንድ ይቆያል።»

ከረጢቷን ከመደርደሪያው ጀርባ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ። እትዬ ጥሩወርቅ ሥዕሉን ዳበሰች።

«ሸጋ ውሻ። እንዲያው እንዴት እንደምሰጠው አሳዪኝ፤ እኔ ፊደል አልቆጠርኩ።»

ገለበጥኳት። ጥፍሬን መስመሩ ላይ አድርጌ አነበብኩላት። ለዳማ ክብደት ጠዋት አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ ኩባያ። ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ ከጎኑ። ወጥ እንዳይነካ፣ አጥንት እንዳይነካ። እያንዳንዱን በአፏ ደገመችው።

«ይህቺ አንዷ ትበቃ ይሆን ብሩክ እስኪመጣ?» አለችኝ።

አባባ ከወንበራቸው ቀና አሉ። ጥፍሬ አሁንም መስመሩ ላይ ነው።

«እትዬ ጥሩወርቅ፣ ብሩክን አንጠብቅ» አልኳት። «ዳማን እስኪሞት ድረስ ነው የምናበላው።»

አፍጥጣ አየችኝ። ማን ነገረሽ አላለችም። «አያ ይርጋ መቼ ነው የሰሙት?» አለች።

«በስቅለት።»

ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ መልሳ አዘቀዘቀችው። ከዚያ ሁለት እጇን ከረጢቷ ላይ አኖረችና ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እኔ እኮ በፋሲካ ወጡን ይዤ እልል እያልኩ ነው የገባሁባቸው» አለች።